የቀነሰው ኪሎ ለምን ይመለሳል?

እንጅባራ ውስጥ አንድ ሰው ለወራት ተጨንቆ አሥር ኪሎ ቢቀንስ፣ ከአድናቆት ቀድሞ የሚደርሰው ጥያቄ ነው፤ «ምነው ከሳህ? አሞህ ነበር እንዴ?» ይሉታል። ዳንግላ ላይ ደግሞ ከዓመት በኋላ ለበዓል የመጣ ዘመድ ፊቱ ሞልቶ፣ ቦርጩ ገፍቶ ከታየ «እሰይ፣ ተመችቶሃል!» ይባላል። ሁለቱም አነጋገሮች ከፍቅር የሚመጡ ናቸው። ክፉ ቀን ደጋግሞ በጎበኘው አገር ክሳት የረሀብ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ ኋላም የኤችአይቪ ምልክት ሆኖ ሲታይ ኖሯል። ሞላ ያለ ሰውነት ደግሞ ጎተራው ላልጎደለ ቤት ምስክር ነበር።

ሐኪም ቤት ሲደርስ ታሪኩ ይለወጣል። ከመጠን ያለፈ ውፍረት ለሁለተኛው ዓይነት ስኳር በሽታ፣ ለደም ግፊት፣ ለልብ ሕመም፣ ለስትሮክ፣ ለጉልበት ሕመምና ለበርካታ የካንሰር ዓይነቶች ያጋልጣል። የዓለም ጤና ድርጅትም ውፍረትን ራሱን ሥር የሰደደ በሽታ ብሎ ይመድበዋል። ሐኪሙ «ክብደት ቀንስ» ሲል ታካሚው ይሰማል፣ ይሞክራል፣ ብዙውን ጊዜም ይቀንሳል። ዋናው ፈተና የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በስድስት ወር የቀነሰው ኪሎ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ቀስ እያለ ይመለሳል፤ ሰውየውም «እኔ ቁርጠኝነት የለኝም» ብሎ ራሱን ይወቅሳል።

ባለፉት ሠላሳ ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች ይህን ወቀሳ አይደግፉም። የቀነሰ ሰውነት የጠፋበትን ስብ ለመመለስ ለዓመታት ይታገላል። ስለዚህም የውፍረት ሕክምና እንደ ደም ግፊት ሕክምና የማያቋርጥ ክትትል ይፈልጋል። እንጅባራንና ዳንግላን ከመሰሉ የአማራ ክልል የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ከተሞች ሆኖ ሲታይ ጥያቄው ይህ ነው፦ የከሳውን ፈልጎ ለማዳን የተሠራ የጤና ሥርዓትና ማኅበረሰብ፣ የወፈረውን ሰው ለዓመታት እንዴት ደግፎ ይዞ ይቆያል?

ክሳትና ውፍረት በአንድ ቀበሌ

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ኢትዮጵያውያት 22 በመቶዎቹ ከሚገባው በላይ የከሱ ነበሩ። ክብደታቸው ከልክ ያለፈው ደግሞ 8 በመቶ ነበሩ። ስምንት በመቶ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ቁጥሩ 3 በመቶ ብቻ ነበር። ልዩነቱም በመላ አገሪቱ እኩል አይደለም። ገጠር ውስጥ 4 በመቶ ያህል የሆነው በከተማ 21 በመቶ ይደርሳል፤ በአዲስ አበባ ከሴቶቹ 30 በመቶዎቹ ከልክ ያለፈ ክብደት ነበራቸው።

በዚያው ዓመት ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 46 በመቶዎቹ ቀንጭረው ተገኝተዋል። ሁለቱ ችግሮች በአንድ ክልል፣ አንዳንዴም በአንድ ጣሪያ ሥር አብረው ይኖራሉ። ልጁ የቀነጨረበት ቤት እናቱ የደም ግፊት ክኒን የምትወስድበት ቤት ሊሆን ይችላል።

አዊ ይህን ሽግግር ለማየት ይመቻል። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት እንጅባራ በገብስና በድንች ማሳ የተከበበች ናት፤ ዳንግላ ዝቅ ብላ በጤፏ፣ በበቆሎዋ፣ በማሯና በከብቷ ትታወቃለች። በዙሪያቸው ያለው ገበሬ ዛሬም በሬ ጠምዶ ያርሳል፣ ገበያ በእግሩ ይወርዳል። በፋግታ ለኮማ ወረዳ በዲከረንስ ዛፍና በከሰል ሥራ ጥሬ ገንዘብ የያዘው ቤተሰብ ብዙ ነው። ከተማው ውስጥ ደግሞ የባንክ ሠራተኛው፣ መምህሩ፣ ነጋዴውና ሾፌሩ ቀኑን ተቀምጠው ይውላሉ፤ በእግር ይኬድ የነበረውን መንገድ ባጃጅ ወስዶታል። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት ሁለቱንም ከተሞች አቋርጦ ያልፋል፤ የፋብሪካ ዘይት፣ ፓስታ፣ ብስኩት፣ ለስላሳና ቢራም አብረውት ይመጣሉ።

ውፍረት የሚለካው እንዴት ነው? በጣም የታወቀው ስሌት ክብደትን በኪሎ ወስዶ፣ ቁመትን በሜትር ራሱን በራሱ አባዝቶ፣ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ማካፈል ነው። ውጤቱ 25 ሲደርስ ክብደቱ ከልክ አለፈ ይባላል፣ 30 ሲሞላ ውፍረት ነው። ቁመቷ 1.60 ሜትር የሆነች ሴት 64 ኪሎ ስትመዝን 25 ትሞላለች፤ 77 ኪሎ ስትሆን 30 ታልፋለች። ይህ መስፈርት በአውሮፓውያን ሰውነት ላይ ተመሥርቶ የወጣ በመሆኑ ለሁሉም ሕዝብ እኩል አይሠራም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያውያን ጎልማሶች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ የሰውነት ስብ ከልክ የሚያልፈው ከ25 በታች ባለ ቁጥር ላይም ሊሆን እንደሚችል አሳይተዋል። ስለዚህ ሐኪሞች የወገብ ዙሪያንም ይለካሉ፤ ለሴት ከ80፣ ለወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር ማለፉ ያሳስባል። ቀጭን እግርና ትልቅ ቦርጭ ያለው ሰው ሚዛኑ ባይነግረውም አደጋ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

አደጋው ባነሰ ክብደትም እንደሚመጣ በግልጽ ያሳዩት ከጎንደር አካባቢ ተነሥተው ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1984 እና 1985 በሱዳን በኩል፣ በ1991 ደግሞ ከ14,000 የሚበልጡት በአንድ ቀን ተኩል ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲወሰዱ አብዛኞቹ ቀጫጭኖች ነበሩ፤ ስኳር በሽታም ብዙም አይታወቅባቸውም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን የእስራኤል ሐኪሞች በወጣቶቹ ሳይቀር ስኳር በሽታ በፍጥነት ሲጨምር አዩ። ብዙዎቹ የታመሙት ሌላው ሕዝብ ከሚታመምበት ባነሰ ክብደት ነበር። የደጋው ሰው ለውፍረት እንግዳ ሆኖ መኖሩ ከጉዳቱ አልጠበቀውም።

ሰውነት ለምን ይታገላል?

እ.ኤ.አ. በ1994 በኒው ዮርክ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የጄፍሪ ፍሪድማን ቡድን ሌፕቲን የተባለውን ሆርሞን አገኘ። ሌፕቲንን የሚያመነጨው ስብ ራሱ ነው። በደም ተጉዞ አንጎል ይደርስና ስንቁ ምን ያህል እንደቀረ ይነግረዋል። ስብ ሲቀንስ ሌፕቲንም ይወርዳል፤ አንጎልም ረሀብ እንደመጣ ቆጥሮ የምግብ ፍላጎትን ይጨምራል፣ የሚቃጠለውን ኃይል ይቆጥባል። ከአምስት ዓመት በኋላ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ከጨጓራ የሚመነጨውን ግሬሊን አገኙ፤ ይህ ደግሞ ከምግብ በፊት ከፍ ብሎ ረሀብን የሚቀሰቅስ ነው። ክብደት በቀነሰ ሰው ላይ ግሬሊን ይጨምራል።

ሰውነት ይህን ምላሽ ቶሎ አይተወውም። በአውስትራሊያ ሜልቦርን የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት 50 ወፍራም ሰዎችን ለአሥር ሳምንት በጣም በተቆጠበ ምግብ አቆየ። በአማካይ 13 ኪሎ ያህል ቀነሱ። ከአንድ ዓመት በኋላ የረሀብና የጥጋብ ሆርሞኖቻቸው ሲለኩ ወደ ነበሩበት አልተመለሱም። ሰዎቹም ከመቀነሳቸው በፊት ከነበረው የበለጠ እንደሚርባቸው ተናገሩ።

ከዚህም ጠንከር ያለ ማስረጃ የመጣው ከአንድ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ውድድር ነው። «ዘ ቢጌስት ሉዘር» በተባለው ዝግጅት ተወዳዳሪዎች በጥቂት ወራት ውስጥ በከባድ ስፖርትና በተቆጠበ ምግብ ክብደት ይቀንሱ ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪው ኬቨን ሆልና ባልደረቦቹ 14ቱን ከስድስት ዓመት በኋላ መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2016 አወጡ። በውድድሩ በአማካይ 58 ኪሎ የቀነሱት ሰዎች 41 ኪሎውን መልሰው ጨምረዋል። ይበልጥ ያስደነገጠው ሌላ ነገር ነበር፤ ከስድስት ዓመት በኋላም ሰውነታቸው በዕረፍት ላይ ሳለ የሚያቃጥለው ኃይል በመጠናቸው ካለ ሰው ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ያህል ያንስ ነበር። ጎረቤታቸው በልቶ የማይወፍርበትን ምግብ እነሱ በልተው ይወፍሩበታል ማለት ነው።

ስፖርትም ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2012 በሰሜን ታንዛኒያ እያደኑና ሥራ ሥር እየቆፈሩ የሚኖሩት የሃድዛ ሰዎች ኃይል ፍጆታ ሲለካ፣ ቀኑን ሙሉ ቢንቀሳቀሱም ለሰውነታቸው መጠን ሲሰላ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ሰው ብዙም የተለየ ካሎሪ አያቃጥሉም ነበር። ሰውነት በእንቅስቃሴ ያወጣውን ከሌላ በኩል ይቆጥባል። ክብደትን በመቀነስ ረገድ የገበታው ድርሻ ይበልጣል። እንቅስቃሴ ግን ልብን፣ ደም ግፊትንና ስኳርን ይጠቅማል፤ የቀነሰውን ኪሎ እንዳይመለስ በመያዝም ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

ገበታው፣ አራስ ቤቱና ጾሙ

ሆርሞኑ ከውስጥ ሲገፋ ሰፈሩ ከውጭ ይጨምርበታል። «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» ተብሎ የቀረበን ጉርሻ እምቢ ማለት ቀላል አይደለም። ሰርግ፣ ክርስትና፣ ማኅበር፣ ሰንበቴ፣ ዝክር፣ ተዝካር፣ የበዓል ቅርጫ እየተከታተሉ ይመጣሉ። በየአንዳንዱ ላይ ትንሽ የበላ ሰው ጋባዡን ያሳዘነ ይመስለዋል። ለአንድ ሳምንት መቆጠብ የሚችል ሰው ብዙ ነው፤ ለአሥር ዓመት በየድግሱ «ይብቃኝ» ማለት ግን ከዘመድ ጋር የሚደረግ የማያልቅ ድርድር ነው።

የአራስ ቤት ራሱን የቻለ ወቅት ነው። ወላዷ ወገቧ እንዲጠና በቅቤ የራሰ ገንፎ፣ አጥሚትና የሥጋ ሾርባ ይቀርብላታል፤ ለ40 ወይም ለ80 ቀን ከቤት አትወጣም። ደም ለፈሰሳትና ለምታጠባ እናት እንክብካቤው ተገቢ ነው። ነገር ግን በየወሊዱ የተጨመረው አምስት ስድስት ኪሎ ሳይቀንስ ሌላ እርግዝና ሲመጣ ክብደቱ እየተደራረበ ይሄዳል። ለነፍሰ ጡሮችና ለእናቶች የሚደረገው ክትትል የሚያበቃው ብዙ ጊዜ ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት በመሆኑ፣ ይህን ክምችት የሚያየው ሰው የለም።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ምእመናን በዓመት 180 ቀን ያህል ይጾማሉ፤ ካህናት እስከ 250 ቀን ይደርሳሉ። ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። ከምግብ መታቀብ ለአዊ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ጾም ክብደት እንዲቀንስ የተሠራ ሥርዓት ስላልሆነ ውጤቱ በአጿጿሙ ይወሰናል። ሽሮውና ምስሩ ጥሩ ምግብ ሆነው ሳለ በዘይት ሲዋኙ ካሎሪያቸው ይጨምራል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው፤ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ደግሞ ስምንት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር ይዞ የጾም መጠጥ ተብሎ ይጠጣል። ከሁዳዴ በኋላ በፋሲካ ሳምንት የሚመጣው የቅቤ፣ የዶሮና የቁርጥ ብዛት የቀነሰውን በቶሎ ይመልሳል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አስፈላጊ ነው። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ታካሚ ከጾም በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት፤ እስከ ቀትር ሳይበሉ መድኃኒቱን እንደ ልማድ መውሰድ ስኳርን በአደገኛ ሁኔታ ያወርዳል። ቤተ ክርስቲያንም ለታመመ ሰው ከጾም የመፈታት ፈቃድ እንዳላት የንስሐ አባቶች ያውቃሉ።

ከመድኃኒቱ የሚመጣው ኪሎ

ብዙ ታካሚዎች የማይነገራቸው ነገር አለ፤ አንዳንድ ጠቃሚ መድኃኒቶች ራሳቸው ክብደት ይጨምራሉ። በኢትዮጵያ ለስኳር በሽታ በስፋት የሚታዘዙት ኢንሱሊንና ግሊቤንክላማይድ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ሐኪሙ «ክብደት ቀንስ» እያለ የሚያዝዘው መድኃኒት ኪሎ ሊጨምር ይችላል ማለት ነው። ሜትፎርሚን ይህ ችግር የለበትም። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡ የተወሰኑ መድኃኒቶች፣ ለረጅም ጊዜ የሚወሰዱ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ ስቴሮይዶች፣ በአንዳንድ ሴቶች ላይም በሦስት ወር አንዴ የሚወጋው የወሊድ መከላከያ መርፌ ክብደት ይጨምራሉ።

በኤችአይቪ ሕክምና ላይ ያለው ለውጥ የተለየ ትኩረት ይገባዋል። ኢትዮጵያ ብዙ ታካሚዎችን ዶሉቴግራቪር ወዳለበት ሕክምና አዛውራለች። መድኃኒቱ ቫይረሱን በመቆጣጠር ከቀደሙት የተሻለ ነው፤ በቀን አንድ ክኒን ይበቃል። በደቡብ አፍሪካ የተደረገ ትልቅ ጥናት ግን መድኃኒቱን የሚወስዱ ሰዎች፣ በተለይ ሴቶች፣ ክብደታቸው በጉልህ እንደሚጨምር አሳይቷል። ከሃያ ዓመት በፊት ከክሳት የዳነች ሴት ዛሬ ስለ ወገቧ ዙሪያ መጨነቋ በራሱ የሕክምናው ድል ነው፤ ቢሆንም የሚከታተላት ሰው ያስፈልጋታል።

ከእነዚህ መድኃኒቶች ማንኛቸውንም በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ውፍረቱ ከሚያመጣው የከፋ ጉዳት ያደርሳል። የሚጠቅመው ታካሚው «ይህ መድኃኒት ክብደት ይጨምራል ወይ? አማራጭ አለው ወይ?» ብሎ በግልጽ መጠየቁ ነው።

መርፌው፣ ቢላዋውና ማቅጠኛ ሻዩ

ሴማግሉታይድ የተባለው በሳምንት አንዴ የሚወጋ መድኃኒት ዓለምን አነጋግሯል። ለስኳር በሽታ ኦዘምፒክ፣ ለውፍረት ወጎቪ በሚል ስም ይሸጣል። መድኃኒቱ ከአንጀት የሚመነጭን የጥጋብ ሆርሞን ስለሚመስል ረሀብን ከምንጩ ያበርዳል። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ጥናት ተጠቃሚዎቹ በ68 ሳምንት ውስጥ በአማካይ 15 በመቶ ያህል ክብደታቸውን ቀንሰዋል፤ 80 ኪሎ የነበረ ሰው 12 ኪሎ ቀነሰ እንደማለት ነው። በኋላ የመጣው ቲርዜፓታይድ በከፍተኛው መጠን 20 በመቶ ያህል አድርሶታል።

ሆኖም ሴማግሉታይድ ያቋረጡት ሰዎች ከአንድ ዓመት በኋላ ሲመዘኑ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰውት ነበር። መርፌው የሚሠራው እስከተወጋ ድረስ ነው። ዋጋው ደግሞ ለዕድሜ ልክ የሚታሰብ አይደለም፤ በአሜሪካ ለዓመታት በዝርዝር ዋጋው በወር ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር። መድኃኒቱ ከመከፈቱ በፊት በማቀዝቀዣ መቀመጥም አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 እነዚህን መድኃኒቶች ውፍረት ላለባቸው የተወሰኑ የስኳር ታካሚዎች በአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ አስገብቷል፤ ዋጋቸው እንዲወርድም ጠይቋል። እስከዚያው ድረስ በዳንግላ የሚኖር አንድ መምህር በደመወዙ ሊደርስበት የሚችል ሕክምና አይደለም።

ቀዶ ሕክምና ረጅም ዕድሜ ያለው ማስረጃ አለው። በስዊድን እ.ኤ.አ. በ1987 ተጀምሮ ከ4,000 በላይ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተለው ጥናት፣ ጨጓራቸው በቀዶ ሕክምና የተቀነሰ ወይም መንገዱ የተቀየረ ታካሚዎች ክብደታቸውን ከ10 ዓመት በላይ እንደያዙትና ሞታቸውም ካልተቀደዱት እንዳነሰ አሳይቷል። ይህ ሕክምና በአዲስ አበባ በጥቂት የግል ሆስፒታሎች ይሰጣል። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ታካሚው ዕድሜ ልኩን ቫይታሚንና ማዕድን መውሰድ፣ ደሙንም በየጊዜው ማስመርመር አለበት። ከእንጅባራ ተነሥቶ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የተቀደደ ሰው ከዚያ በኋላ የሚከታተለው ባለሙያ በቅርቡ ከሌለ፣ ቢላዋው የሠራውን የቫይታሚን እጥረት ያበላሸዋል።

በዚህ ክፍተት መሃል ነጋዴው ይገባል። በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚሸጡ ማቅጠኛ ሻዮችና ክኒኖች «በ15 ቀን ቦርጭ ደህና ሰንብት» ይላሉ። ብዙዎቹ ሆድ የሚያስቀምጡ ናቸው፤ ሚዛኑ ላይ የሚታየው ቅናሽ የውኃ ነው። ሲቡትራሚን የተባለው መድኃኒት ለልብ ጥቃትና ለስትሮክ በማጋለጡ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ ቢወጣም፣ በየአገሩ «የተፈጥሮ ዕፅ» ተብለው በሚሸጡ ማቅጠኛዎች ውስጥ ተደብቆ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ስለ ሐሰተኛ ኦዘምፒክም አስጠንቅቋል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በስልክ የታዘዘ መርፌ ውስጡ ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም።

ክትትል ያለው ሕክምና ምን ይመስላል?

ኪሎ ይመለሳል ማለት ሕክምናው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በአሜሪካ ስኳር በሽታና ከልክ ያለፈ ክብደት ባላቸው 5,145 ሰዎች ላይ የተደረገው «ሉክ አሄድ» የተባለ ጥናት ለዓመታት ምክርና ክትትል ሰጥቷል። ክትትል የተደረገላቸው በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ 8.6 በመቶ ቀነሱ፤ በስምንተኛው ዓመት ቅናሹ ወደ 4.7 በመቶ ወርዶ ነበር። ይሁንና ግማሾቹ በስምንተኛው ዓመትም ከመነሻቸው ቢያንስ አምስት በመቶ ቀንሰው ይገኙ ነበር። አምስት በመቶ ለ80 ኪሎ ሰው አራት ኪሎ ነው። መልክ ላይ ብዙም አይታይ ይሆናል፤ ለደም ግፊት፣ ለስኳርና ለጉልበት ግን ይሰማል። ስኳራቸው ከፍ ብሎ ገና በሽታ ባልሆነባቸው ሰዎች ላይ የተደረገ ሌላ ትልቅ ጥናት፣ ሰባት በመቶ ገደማ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ በሽታው የመያዝን ዕድል በ58 በመቶ እንደቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2002 አስታውቋል።

እ.ኤ.አ. በ1994 የተቋቋመ አንድ የአሜሪካ መዝገብ ደግሞ ቢያንስ 13.6 ኪሎ ቀንሰው ከዓመት በላይ የያዙ ሰዎችን ይከታተላል፤ ከ10,000 በላይ ሰዎች ተመዝግበውበታል። የአመጋገብ መንገዳቸው የተለያየ ነው። የሚያመሳስላቸው በየጊዜው መመዘናቸው፣ በቀን አንድ ሰዓት ያህል መንቀሳቀሳቸው፣ አብዛኞቹም ቁርስ መብላታቸው ነው።

ይህን ወደ አዊ ለማምጣት መነሻው አለ። እንጅባራ አጠቃላይ ሆስፒታል አለ፣ ዳንግላም የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አላት፤ በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ይሠራሉ፤ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲም ባለሙያና ተመራማሪ ያፈራል። የጎደለው ውፍረትን እንደ ራሱ ጉዳይ የሚመዘግብ ካርድ ነው። በኢትዮጵያ የጤና ሥርዓት ውስጥ ሚዛንና የክንድ መለኪያ ከሁሉ በፊት የቀጨጨን ሕፃን ለማግኘት ይውላሉ፤ ያ ሥራ ነፍስ አድን በመሆኑ መቀጠል አለበት። ለደም ግፊት በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ የሚመጣ ጎልማሳ ግን ግፊቱ ተለክቶ ክኒኑ ይሰጠዋል፤ ክብደቱና ወገቡ ተለክተው ካለፈው ቀጠሮ ጋር ቢነጻጸሩ የሚጨምረው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። በ2007 ዓ.ም. በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉ ኢትዮጵያውያን 16 በመቶ ያህሉ ከፍ ያለ ደም ግፊት ስለነበራቸው፣ ይህ በር ብዙ ሰው ያስገባል።

ክትትል ሰላምንም ይፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ቀጠሮ ያልፋል፣ መድኃኒት ይቋረጣል። ለአንድ ሰሞን ሕመም የመንገድ መዘጋት ችግር ነው፤ ለዓመታት ለሚከታተል ታካሚ ግን ከመጀመሪያው መጀመር ማለት ነው።

ሌላው ሀብት ማኅበሩ ነው። ጥር 23 በየዓመቱ እንጅባራ ላይ ፈረሱን የሚያሳምረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ እስከ ዛሬ ቆይቷል። ዕድሩም እቁቡም በየወሩ ሰው ይሰበስባል። ክብደታቸውን የሚከታተሉ ሰዎች በቡድን ሲደጋገፉ ብቻቸውን ከሚታገሉት የተሻለ ውጤት እንደሚያገኙ ስለታወቀ፣ በዕድር ስብሰባ ላይ የሚቀመጥ አንድ ሚዛን፣ አንድ የግፊት መለኪያና አንድ የጤና ባለሙያ ብዙ ሊሠሩ ይችላሉ። ድግስ ላይ ከለስላሳ ጎን ውኃ ማቅረብ፣ የጾም ወጥ ዘይት መቀነስ፣ እምቢ ያለን እንግዳ አለማስገደድም የሚወሰኑት እዚያው ነው።

መንግሥትም ድርሻ አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ለስላሳ መጠጦች ላይ ግብር ጥሏል፤ በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው «መንገድ ለሰው» በተወሰኑ እሑዶች መንገዶችን ለእግረኛና ለስፖርት ከፍቷል። እንጅባራና ዳንግላ እያደጉ ያሉ ከተሞች ናቸው፤ የእግረኛ መንገድ አስቀድሞ መሥራት ኋላ ከማፍረስ ይረክሳል።

ታካሚው ደግሞ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዞት የሚሄደው ነገር አለ። ክብደቱንና የወገቡን ዙሪያ ካርዱ ላይ ያስጽፍ። የመጀመሪያ ግቡን ከክብደቱ አምስት በመቶ ያድርግ፤ ለዚህም ስድስት ወር ይስጥ። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ለሐኪሙ ያሳይ። ቤተሰቡን «እየቀነስኩ ነው፣ ታምሜ አይደለም» ብሎ አስቀድሞ ይንገራቸው። በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ይመዘን። ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ሲመለስ ሳያፍር ወደ ጤና ጣቢያው ይሂድ፤ ባለሙያውም ሳይወቅስ ይቀበለው፣ ከፋሲካ በኋላ ይሁን ከወሊድ ወይም ከመድኃኒት ለውጥ በኋላ መነሻውን ጠይቆ እቅዱን አብሮት ያስተካክል።